ቅዱስ ያሬድና የንጉሡ ጦር

የኢትዮጵያ ዜማ አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደኖረ ይታመናል። ገድሉ እንደሚያስረዳው በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩና ከአጎቱ ከጌዴዎን ቤት ኮብልሎ ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር ሳለ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ከዛፉ ላይ የወጣ ትል ተመልክቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

ድጓን ጨምሮ በስሙ የሚታወቁት ድርሰቶች በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ስልቶች ይዜማሉ። ዕዝል ለጾምና ለሐዘን ሲውል ዓራራይ አንጀት የሚያላውስ ነው።

የዜማው ኃይል ጎልቶ የሚነገረው ግን በአንድ ታሪክ ነው። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጡ የተነሣ የተመረኮዘውን ጦር ሳያውቀው በማኅሌታዩ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያበቃ ግን አንዳቸውም አልተሰማቸውም። ታሪኩ ከዘማሪው ባልተናነሰ ስለ አድማጩ ይናገራል።

ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለፈሰሰው ደም የፈለገውን ሁሉ እንደሚሰጠውም ቃል ገባለት። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ ከቤተ መንግሥት ተለይቶ በምናኔ እንዲኖር መሰናበትን ለመነ። ጥያቄው ንጉሡን የሚወደውን ድምፅ የሚያሳጣ ነበር። እጅግ ቢያዝንም ቃሉን ማጠፍ ስላልቻለ ፈቀደለት፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ።

ዜማው በደቀ መዛሙርቱ ቃል ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቶቹን እንዳደራጁለት ይነገራል።