ሐርሊ ኧርል፤ መዶሻ የማያቃናት መኪና አባት

ሰው የሚሠራው ዕቃ ሁሉ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው በገዢው ዓይን ፊት በሚቀርብበት ቀን የሚደርስበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ተሰብሮ በጠጋኙ እጅ በሚገባበት ቀን የሚመጣ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና የሚያልፍ ዕቃ ብዙ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያልፍ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ አሜሪካዊው ሐርሊ ኧርል ዕድሜውን ሁሉ ለመጀመሪያው ፈተና የደከመ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ከሥራዎቹ መካከል አንዷ፥ ኮርቬት የተባለችው የስፖርት መኪና፥ ከሰባ ዓመት በላይ በሁለተኛው ፈተና ውስጥ ቆይታለች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐርሊ ኧርል በኅዳር ወር 1893 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ በሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ የፈረስ ሠረገላ ሠሪ ነበር። አውቶሞቢል የፈረስን ቦታ መውሰድ በጀመረበት ጊዜ አባቱ ዘመኑን ተመልክቶ የሠረገላውን ቤት ወደ መኪና ገላ መሥሪያ ለወጠው። ልጁም ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተልኮ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይፈጽም ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ፤ ከመጽሐፍ ይልቅ የእንጨትና የላሜራ ሥራ ስቦታልና። በዚያን ጊዜ በአጠገባቸው በሆሊውድ የሲኒማ ሥራ እየሰፋ ሄዶ ስለ ነበር፥ ስመ ጥር ተዋንያን የማንም መኪና የማይመስል መኪና ይሹ ነበር። ወጣቱ ኧርልም የእነዚህን ሰዎች ምኞት በቅርጽ መግለጥ ተማረ።

በ1919 ዓ.ም. ዶን ሊ የተባለ የካዲላክ መኪና ነጋዴ ቤቱን ገዝቶ ኧርልን በዚያው በሥራው ላይ አቆየው። ኧርል ከሌሎቹ ገላ ሠሪዎች የሚለይበት አንድ ዘዴ ነበረው። ሌሎቹ አዲስ ቅርጽ ሲያወጡ በእንጨትና በብረት ሲደክሙ፥ እርሱ ግን እንደ ሸክላ ሠሪ በጭቃ ይቀርጽ ነበር። ጭቃ ሲጨመርበት ይቀበላል፤ ሲቀነስለትም አያስቸግርም። ስለዚህ ፓራፋንጎውን፥ ኮፋኖውንና በሩን ለየብቻ ሠርቶ ከመግጠም ይልቅ መኪናውን ሁሉ እንደ አንድ አካል አድርጎ ለማየት ቻለ።

ሥራውን የካዲላክ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ሎውረንስ ፊሸር አይቶ ስለ ወደደው ወደ ዲትሮይት ጠራው። በ1927 ዓ.ም. ላሳል የምትባለው መኪና በእርሱ ንድፍ ወጥታ እጅግ ተወደደች። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት አልፍሬድ ስሎንም በዚያው ዓመት ቅርጽንና ቀለምን ብቻ የሚመለከት አዲስ ክፍል አቋቁሞ ኧርልን አለቃ አደረገው። መሐንዲሶቹ አዲሱን ክፍል መጀመሪያ በንቀት ዓይን ተመለከቱት። ዳሩ ግን ገበያው ፈረደለትና በ1940 ዓ.ም. ኧርል የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። በቁመቱ ረጅም፥ በልብሱ የተዋበ፥ በጠባዩ ግን ብርቱና የበታቾቹን የሚያስጨንቅ አለቃ እንደ ነበረ አብረውት የሠሩት ሁሉ ይመሰክራሉ። መኪናን ረዘም፥ ዝቅም ማድረግ የዘወትር ምኞቱ ነበር። ከጦር አውሮፕላን ጅራት አይቶ በ1948 ዓ.ም. ካዲላክ ላይ ያስተከለው ክንፍ መሰል ጌጥም በዓለም ሁሉ ታውቋል።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ማሳሰብ የምንወደው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ስሎንና ኧርል የገዢን ልብ አጥንተው፥ መኪና በየዓመቱ መልኩን እንዲለውጥ አደረጉ። የአምናው መኪና ሞተሩ ሳይደክም፥ ጎማው ሳያልቅ፥ መልኩ ብቻ በባለቤቱ ዓይን እንዲያረጅ ሆነ። ይህ ዘዴ ለፋብሪካውና ለሠራተኛው ብዙ እንጀራ አስገኘ፤ የአሜሪካንን ሕዝብ ግን ገና ያላለቀውን ዕቃ መጣል አስለመደው። ስለዚህ ሐርሊ ኧርልን ስናመሰግን ይህንንም መርሳት አይገባንም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ የተመለሱ ወታደሮች የእንግሊዝን ትንንሽ የስፖርት መኪናዎች አይተው ወደዷቸው። ኧርልም ለአሜሪካ ወጣት የሚስማማ፥ ሁለት ሰው የሚይዝ ክፍት መኪና እንዲሠራ አሰበ። ሥራው በምስጢር ተጀመረ። ጥያቄው ገላው በምን ይሠራ የሚል ነበር። ላሜራን በመኪና ቅርጽ ለመጫን እጅግ ውድና ለመሥራትም ረጅም ጊዜ የሚወስድ የብረት ማተሚያ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ የሚካሰው መኪናው በብዙ ሺህ ሲሸጥ ነው። ለጥቂት መኪና ግን ኪሣራ ነው።

መፍትሔው ፋይበርግላስ ሆነ። ፋይበርግላስ ማለት እንደ ክር በቀጠነ መስታወት የተሠራ ጨርቅ በፈሳሽ ሙጫ ተነክሮ፥ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተነጥፎ ሲደርቅ የሚገኝ ጠንካራ ነገር ነው። መስታወቱ ጉልበት ይሰጣል፤ ሙጫው ደግሞ ክሮቹን አያይዞ ቅርጹን ይጠብቃል። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ይሠራበት ነበር። አይዝግም፥ ከብረትም ይቀላል፥ ውድ ማተሚያም አይጠይቅም።

ኮርቬት በጥር ወር 1953 ዓ.ም. በኒውዮርክ በዋልዶርፍ አስቶርያ ሆቴል በተደረገው የኩባንያው ትርኢት ላይ ቀረበች፤ ሕዝቡም ተደነቀ። ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፥ በሰኔ 30 ቀን፥ የመጀመሪያዋ መኪና በሚቺገን ግዛት በፍሊንት ከተማ ከፋብሪካ ወጣች። በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ውጪያቸው ነጭ፥ ውስጣቸው ቀይ ነበር። የገላዋን ክፍሎች የሚሠራው በኦሃዮ ግዛት በአሽታቡላ ከተማ ያለ ፋብሪካ ነበር።

ችኮላው ግን ዋጋ ነበረው። የገላው ክፍሎች ውፍረታቸው እኩል ሳይሆን ቀረ፤ በሮቹ በደንብ አይገጥሙም፥ ዝናብም ያስገቡ ነበር። ፋይበርግላስ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፥ ለየመብራቱ ወደ ሻንሲው የሚመለስ ሽቦ መዘርጋት ግድ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ጠባይ ለሬዲዮ ጠቀመ፤ ገላው የሬዲዮን ሞገድ ስለማይከለክል አንቴናው በኋላ ሣጥን ክዳን ውስጥ ተቀበረ።

ገዢውም ቀስ በቀስ ሸሸ። በ1954 ዓ.ም. 3,640 መኪና ቢሠራም ብዙው ሳይሸጥ ቀረ፤ በ1955 ዓ.ም. የተሠራው 700 ብቻ ነበር። መኪናዋ ልትሰረዝ ደርሳ ሳለ፥ በዚያው ዓመት ስምንት ሲሊንደር ያለው አዲስ ሞተር ገባላት። ዞራ አርከስ ደንቶቭ የተባለው መሐንዲስም ፍጥነቷንና አያያዟን አሻሻለ። ኧርል መልክ ሰጣት፤ ሌሎች ደግሞ ጉልበት ሰጧት።

እነዚያ መኪናዎች ዛሬ አርጅተዋል። ገላቸው አልዛገም፤ ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ግን እንደ ማንኛውም ብረት ይዝጋል። ገላውም ቢሆን ሲጋጭ ይሰነጠቃል፥ ይፈረከሳል። በእኛ ጋራዦች ባትላሜራ የምንለው ባለሙያ የተጨማደደ ፓራፋንጎ ሲመጣለት ከውስጥና ከውጭ እየቀጠቀጠ ያቃናዋል። በፋይበርግላስ ላይ ግን መዶሻ ቢያሳርፍ ስብራቱን ያብሰዋል እንጂ አያቃናውም። ትንሽ ስንጥቅ ከሆነ በአዲስ ጨርቅና ሙጫ ይጠገናል፤ ክፍሉ ከተፈረከሰ ግን እርሱን አውጥቶ ሌላ መተካት ያስፈልጋል።

አተካኩም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የገላው ክፍሎች በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ የተያያዙ ናቸው፤ በየመጋጠሚያቸውም ጀርባ እንደ ጥብጣብ የረዘመ ማያያዣ አለ። ጠጋኙ አስቀድሞ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቆምና፥ ገላው እንዳይጎብጥ ከሥር ይደግፋል፤ በበርና በፓራፋንጎ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ለክቶ ይጽፋል። ቀጥሎ ቀለሙን ፍቆ የቀድሞውን መጋጠሚያ ይፈልጋል። ካገኘ በኋላ በሙቀትና በስስ መላቀቂያ ቀስ እያለ ያላቅቀዋል፤ ያረጀውንም ማጣበቂያ ጠርጎ ያወጣል።

አዲሱን ክፍል ወዲያው አይለጥፍም። መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ በመቆንጠጫና በትንንሽ ብሎኖች ይዞ፥ ኮፋኖውን ይዘጋል፥ በሩን ይከፍታል፥ ክፍተቱንም ከጻፈው ልክ ጋር ያመዛዝናል። ብረት ቢሆን ኋላ በመጠኑ ይታጠፍ ነበር፤ ይህ ግን ከደረቀ በኋላ አይታዘዝም። ልኩ ሲስማማ ማጣበቂያውን ቀብቶ ያስረዋል። ከደረቀ በኋላ መጋጠሚያውን በቦይ አምሳል ሞርዶ በመስታወት ጨርቅና በሙጫ ይሞላዋል፤ ከዚያም በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ሙጫው ፈጽሞ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ፥ ከወራት በኋላ መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ብቅ ብሎ የቸኮለውን ሠራተኛ ያጋልጠዋል። የሚቦንነው የመስታወት አቧራ ሳንባንና ቆዳን ስለሚጎዳ፥ አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ ይህን ሥራ መንካት አይገባም።

ሐርሊ ኧርል በ1958 ዓ.ም. መጨረሻ ጡረታ ወጣ። በሚያዝያ 10 ቀን 1969 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ግዛት በዌስት ፓልም ቢች በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ከሞተ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. በኬንታኪ ግዛት በቦውሊንግ ግሪን በሚገኘው የኮርቬት ሙዚየም ውስጥ ወለሉ ተደርምሶ ስምንት መኪናዎች ወደ ጉድጓድ ወደቁ። ከእነዚህ አንዷ በ1992 ዓ.ም. የተሠራችው አንድ ሚሊዮነኛዋ ኮርቬት ነበረች። ይህችን መኪና ለመጠገን የተነሡት ኧርል በመሠረተው የንድፍ ክፍል ያሉ የጄኔራል ሞተርስ ባለሙያዎች ናቸው። መኪናዋ በተሠራችበት ጊዜ የፋብሪካው ሠራተኞች በየክፍሏ ላይ ስማቸውን ጽፈው ነበር። ስለሆነም ጠጋኞቹ የተሰበረውን ሁሉ በአዲስ ለመተካት አልቸኮሉም፤ የሠራተኞቹ ፊርማ ያለበትን ክፍል ለማዳን ደከሙ። በ2015 ዓ.ም. ሥራው ተፈጽሞ መኪናዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ለሕዝብ የአምናውን መኪና መጣል ያስተማረው ሰው፥ ሕዝብ አልጥልም ብሎ ክፍሏን በክፍሏ እየተካ የሚያኖራትን መኪና ትቶ ሄደ። ያኖሯትም የኧርል ጭቃና እርሳስ ብቻ አይደሉም፤ ስማቸው በጋዜጣ ያልወጣ፥ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው መጋጠሚያ የሚሞርዱ ጠጋኞችም ናቸው። ሁሉን ክፍሏን ቢለውጡባት የቀድሞዋ መኪና አትሆንም፤ ምንም ባይለውጡባት ደግሞ አትሄድም። የጠጋኙ ጥበብ የሚለወጠውንና የሚጠበቀውን ለይቶ ማወቅ ነው።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ኃላፊነት የምትረከቡ ወጣቶችም ይህን ብታስቡ መልካም ይመስለናል። ንድፍ ስታወጡ፥ ደንብ ስትጽፉ፥ ቤት ስታሠሩ፥ በምረቃው ቀን የሚያጨበጭበውን ሕዝብ ብቻ አትመልከቱ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ሥራ ለመጠገን የሚጎነበሰውንም ሰው አስቡ። ለእርሱ መጋጠሚያውን በግልጽ ያበጀለት፥ ልኩንም ጽፎ የተወለት ሠሪ፥ ሥራው ሁለተኛውን ፈተና ያልፍለታል።