ገንዘብ ያዥና ገንዘብ አዛዥ፦ የፍሬደሪክ ጎፍ ሕይወት

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ የአንድ አሜሪካዊ የሕግና የባንክ ባለሙያ የሕይወት ታሪክ ነው። ስማቸው ፍሬደሪክ ሃሪስ ጎፍ ይባላል። ካረፉ መቶ ዓመት ቢያልፍም በበጎ አድራጎት ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ስማቸው ዛሬም ይነሣል። የአንድ ከተማ ነዋሪዎች የሚሰጡትን ገንዘብ በአንድነት ይዞ፣ በባለአደራዎች እያስወሰነ ለዚያው ከተማ ሕዝብ የሚያውል ተቋም፣ ማለትም የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን፣ በዓለም የመጀመሪያውን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው።

ታሪካቸውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንባችንን እናሻሽላለን። ከሚቀርቡት ነጥቦች ሁለቱ ከባድ ናቸው፤ የቦርድ አባላት ከማኅበሩ ገንዘብ ይበደሩ ወይስ አይበደሩ የሚለውና ቦርዱ እንዴት ይመረጥ የሚለው። ጎፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች በዘመናቸው ተጋፍጠዋቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎፍ የተወለዱት በ1858 በኢሊኖይ ግዛት ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1881 ተመረቁ፤ ከዚያም በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በክሊቭላንድ ከተማ ጠበቃ ሆኑ። ክሊቭላንድ በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለች፣ በዚያን ጊዜ በብረትና በነዳጅ ሥራ በፍጥነት ያደገች ከተማ ናት። ጆን ሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል የተባለውን ኩባንያ የመሠረቱት እዚያ ነበር፤ ጎፍም ከጊዜ በኋላ ለሮክፌለር ጭምር ጥብቅና የሚቆሙ ስመ ጥር የሕግ ሰው ለመሆን በቁ። በ1894 ፍራንሲስ ሳውዝወርዝን አግብተው ልጆች ወለዱ። በ1903 ደግሞ በክሊቭላንድ አጠገብ የነበረችው የግሌንቪል ከንቲባ ሆነው፣ በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳው ይካሄድ የነበረውን ቁማር ተዋጉ።

በ1908 የክሊቭላንድ ትረስት ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ባንክ ከተለመደው የባንክ ሥራ ሌላ የሰዎችን ንብረትና ኑዛዜ በአደራ ተቀብሎ ያስተዳድር ነበር። ጎፍ በባንኩ ካጸኗቸው ደንቦች አንዱ ለባንኩ ዳይሬክተሮችና ኃላፊዎች ብድር እንዳይሰጥ የሚከለክለው ነው። ብድር የሚፈቅደው ሰው ራሱ ተበዳሪ ከሆነ፣ ሲዘገይ የሚጠይቀው ማነው? በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን በቁጥር እናየዋለን። ለምሳሌ አንድ ማኅበር 200,000 ብር አለው እንበል። ሰባት የቦርድ አባላት እያንዳንዳቸው 20,000 ብር ቢበደሩ 140,000 ብሩ ቦርዱ ዘንድ ነው ማለት ነው። ለቀሩት አባላት ሁሉ የሚተርፈው 60,000 ብር ብቻ ይሆናል። ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ደንብ ሳይጥስ፣ ገንዘቡ ከአባላት እጅ ወጥቷል።

ጎፍ በጥብቅናም ሆነ በባንክ ሥራቸው ብዙ ኑዛዜ ተመልክተዋል። ያሳሰባቸውም የሟቾች ፈቃድ በሕያዋን ላይ የሚያጠብቀው ቋጠሮ ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብዙ የሚነሣ አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሴንት ሉዊስ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ብራያን ሙላንፊ ከሀብታቸው አንድ ሦስተኛውን በሴንት ሉዊስ በኩል ወደ ምዕራብ ለሚሰደዱ ችግረኛ መንገደኞች መርጃ ተናዘዙ። ጊዜው ሰው በሠረገላ የሚጓዝበት ስለነበር የተቀደሰ ሐሳብ ነበር። በኋላ ግን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ እንደዚያ ያሉ መንገደኞችም ጠፉ። ገንዘቡ አለ፤ የሚረዳው ሰው የለም። በዚያው ከተማ የሚራብ ሌላ ሰው ቢኖርም ኑዛዜው አይነካም።

የጎፍ መፍትሔ በጥር 2 ቀን 1914 የባንኩ ቦርድ ባሳለፈው ውሳኔ የክሊቭላንድ ፋውንዴሽን ተብሎ ተቋቋመ። ማንኛውም ሰው፣ ባለጠጋም ሆነ መጠነኛ ጥሪት ያለው፣ ገንዘቡን ለፋውንዴሽኑ መናዘዝ ይችላል። የሰጪው ፍላጎት ይከበራል፤ ዘመን ተለውጦ የታሰበለት ጉዳይ ከጠፋ ወይም የማይጠቅም ከሆነ ግን ገንዘቡን ወደ ሌላ የከተማው ችግር ማዞር ይቻላል።

ይህ ሥልጣን ታላቅ ነው። ስለዚህም ጎፍ ሥልጣኑን ከፋፈሉት። ገንዘቡን የሚይዘውና የሚያረባው ባንኩ ነው፤ ለማን ይሰጥ ብሎ የሚወስነው ግን አምስት አባላት ያሉት የተለየ ኮሚቴ ነው። ከአምስቱ ሁለቱን ባንኩ ይሾማል፤ አንዱን የከተማው ከንቲባ፣ አንዱን የውርስ ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት ዳኛ፣ አንዱን ደግሞ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ዳኛ። አባላቱ የከተማው ነዋሪ መሆን አለባቸው። ከሁለት በላይ የአንድ ሃይማኖት ክፍል ተከታዮች መሆን የለባቸውም። የፖለቲካ ሹመት የያዘ ወይም የሚፈልግ ሰው አይገባም። ውሳኔው ወንዶች ወይም ሴቶች ብሎ መጻፉንም ልብ በሉልን፤ በመላው አሜሪካ የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት ከመረጋገጡ ስድስት ዓመት በፊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኮሚቴው ከተቀመጡት አንዷ ቤል ሸርዊን ነበሩ፤ እሳቸውም በኋላ የአገሪቱን የሴት መራጮች ማኅበር ለአሥር ዓመት መርተዋል።

ኑዛዜ የሚፈጸመው ሰው ሲሞት ስለሆነ ገንዘቡ ቶሎ አልገባም። ጎፍ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም፤ ከተማው ምን እንደጎደለው ማጥናት ጀመሩ። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጥናት ከ1915 ጀምሮ በሌናርድ ኤይርስ መሪነት ተካሄደ። በ1921 ደግሞ የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሮስኮ ፓውንድና ፊሊክስ ፍራንክፈርተር የከተማውን የወንጀል ፍትሕ አሠራር መርምረው ጉድለቱን አወጡ። ገንዘብ ከመስጠት በፊት ችግሩን ማወቅ የፋውንዴሽኑ ልማድ ሆነ።

ሐሳቡ ቶሎ ተዛመተ። በ1915 ቺካጎና ቦስተን የየራሳቸውን አቋቋሙ፤ ኒው ዮርክ በ1924 ተከተለች። ጎፍ ይህን የመጨረሻውን ሳያዩ በመጋቢት 1923 በ64 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ በዓለም ከሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ፋውንዴሽኖች አሉ፤ የቦርድ አባሎቻቸውም በአብዛኛው ሥራቸውን ያለ ደመወዝ የሚያከናውኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

የጎፍ አሠራር እንከን አልነበረውም አንልም። ፋውንዴሽኑን ያቋቋመው ባንክ የአደራ ገንዘቡ በመምጣቱ ራሱም ይጠቀም ነበር፤ ከአምስቱ ወንበሮችም ሁለቱ የእሱ ነበሩ። የኒው ዮርኩ ከመነሻው ገንዘቡን በብዙ ባንኮች ማስያዙ ትምህርት የተወሰደበት ይመስለናል። አንድ ሥርዓት ደግ ሰው ስላቆመው ብቻ ከመመርመር አይድንም።

በዕድርም በዕቁብም ያደግን ሴቶች አደራ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪ አያሻንም። አደራ በላ ከመባል የሚከፋ ስድብ በአገራችን ጥቂት ነው። ጎፍ የሚጨምሩልን፣ አደራን በሰው ጨዋነት ላይ ብቻ መጣል ለራሷ ለጨዋዋም ፈተና መሆኑን ነው። ገንዘብ ያዧ ያዥ ብቻ ብትሆን፣ አዛዦቹ ከልዩ ልዩ ወገን ቢመረጡ፣ የሚወስኑት ከሚወስኑበት ገንዘብ ባይበደሩ፣ ማንም ማንንም በክፉ ዓይን ሳያይ ቡና አብሮ መጠጣት ይቻላል።

ስለዚህ የማሻሻያውን ረቂቅ ከጉባኤው በፊት አንብቡት። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እኅቶች ካሉ አጠገባቸው ያላችሁ አንብቡላቸው። ብድርን ስለሚመለከተው አንቀጽ እኛ የሂሳብ ክፍል ሠራተኞች ያለን አስተያየት ግልጽ ነው፤ የቦርድ አባል በአገልግሎት ዘመኗ አትበደር። ብድር የሚያስፈልጋት እኅት ወንበሩን ለሌላ ትልቀቅ፤ እንደ ማንኛዋም አባል ተራዋን ጠብቃ ትበደር። የምትቃወሙ ካላችሁም ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ። ደንቡ የሚጸናው ሁላችንም ተከራክረን ስንስማማበት ነው።