ስኪነር፦ መልስ እንዳይዘገይ የደከሙት የሥነ ልቦና ሊቅ

ዛሬ በእጅ ስልክና በኮምፒውተር የሚሰጡ ብዙ ትምህርቶች አንድ መልክ አላቸው። ጥያቄ ይቀርባል፤ ተማሪው ይመልሳል፤ ማግኘቱን ወይም መሳቱን ወዲያው ያውቃል። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቡረስ ፍሬደሪክ ስኪነር ናቸው።

ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1904 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በምትገኝ ሳስኩዌሃና የተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ። በወጣትነታቸው ደራሲ ለመኾን ቢመኙም አልቀናቸውም። ፊታቸውን ወደ ሥነ ልቦና አዙረው በ1931 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በአይጥና በርግብ ላይ ባካሄዱት ምርምር ወዲያው ሽልማት ያስገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም፣ ሽልማቱ ሲዘገይ ግን ትምህርቱ እንደሚደክም አሳዩ። ወይፈን ያሠለጠነ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በ1953 የልጃቸውን የሂሳብ ክፍል ጎበኙ። ፈጣኖቹ ጨርሰው ሥራ ፈትተዋል፤ ዘገምተኞቹ ተጨንቀዋል። የሠሩት ትክክል ይኹን ስሕተት በዚያው ሰዓት የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። መምህሯ ለኹሉም በአንድ ጊዜ ሊደርሱ እንደማይችሉ ስኪነር ተረዱ።

ብዙም ሳይቆዩ የማስተማሪያ ማሽን ሠሩ። ትምህርቱ በትንንሽ እርምጃዎች ተከፍሎ በሣጥኑ መስኮት ይታያል። ተማሪው መልሱን ራሱ ይጽፋል፤ ከዚያም ትክክለኛው መልስ ይገለጥለታል። ኹሉም በየዐቅሙ ፍጥነት ይጓዛል። በ1920ዎቹ ሲድኒ ፕሬሲ የሠሩት ማሽን ከተደረደሩ መልሶች አንዱን የሚያስመርጥ ነበር። ስኪነር ግን መልሱ ከተማሪው ከራሱ እንዲመነጭ ፈለጉ።

ማሽኑ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ቢያገኝም ዝናው አልዘለቀም። በችኮላ የተዘጋጁ ትምህርቶች ተማሪዎችን አሰለቹ። ተቺዎችም የሰው ልጅ ዕውቀት በሽልማት ብቻ አይገነባም፤ ማሰላሰልና ከሌሎች ጋር መወያየት ያስፈልገዋል ሲሉ ሞገቷቸው። ይህ ትችት ዛሬም ክብደት አለው።

ኾኖም ስኪነር ራሳቸው ማሽኑን እንደ መምህር አልቆጠሩትም። በእርሳቸው እምነት የሚያስተምረው ትምህርቱን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ ማሽኑ ከተማሪው ጋር ያገናኘዋል እንጂ። ለልጁ በስልክ የሚሰጥ ትምህርት የሚመርጥ ወላጅም ከመሣሪያው ውበት ይልቅ የትምህርቱን አዘገጃጀት ቢመረምር ይበጀዋል። ልጁ ራሱ አስቦ ይመልሳል ወይስ ዝም ብሎ ይነካካል? ስሕተቱንስ ሳይውል ሳያድር ያውቃል?

ስኪነር በነሐሴ ወር 1990 በደም ካንሰር በ86 ዓመታቸው አረፉ። ስልክ የትምህርት ገበታ ሲኾን አላዩም፤ ዘዴያቸው ግን በውስጡ አለ።