ራስ ወልደ ሥላሴ፦ የማይረቱት የሰንጠረዥ ተጫዋች

እዚህ ጋምቤላ በዕረፍት ሰዓት ቼዝ ከቦ የሚንጫጫው ሰልጣኝ ብዙ ነውና፣ በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ የጥንት ተጫዋች እናወጋለን።

ራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫቸውን እንደርታ ውስጥ በሕንጣሎና በጨለቆት አድርገው ትግራይን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የገዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1816 ያረፉ መስፍን ናቸው። ሰንጠረዥ በጣም ይወዱ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 በእንግድነት መጥቶ ሲጫወቱ አይቷል፤ ያየውንም ጽፎታል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ያልተስተካከሉ ነበሩ። የባላጋራ ጠጠር ሲበላ በኃይል ተመትቶ ይነሳል። ዙሪያውን ያለው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ጠጠሩን በእጁ እያነሳ ይመክራል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ነገር አይለወጥም፤ አሸናፊው ምንጊዜም ራስ ናቸው። ተጋጣሚዎቻቸው በዘዴ ይለቁላቸው ነበርና!

ስለዚህ እኚያ ትልቅ መስፍን የጨዋታ ችሎታቸውን ልክ ሳያውቁት ቀሩ ማለት ይቻላል። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ፣ ተማሪው ስለ መምህርነታችን ብሎ እንዳይሸነፍልን እንጠንቀቅ። በትክክለኛ መልስ ሲረታን ደስ ይበለን፤ የማስተማራችን ፍሬ የሚታየው ያኔ ነው።