ዶክተር ፓውል ላንገርሃንስና የቆሽት ደሴቶች

በሆድ ዕቃችን ውስጥ፣ ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኝ ቆሽት የሚባል አካል አለ። እኛ ቆሽትን የምናውቀው በብዛት በንዴት ነው፤ ሰው ሲያበግነን ቆሽቴ አረረ እንላለን። በሐኪሞች ዘንድ ግን ቆሽት የሚታወቀው በውስጡ ተበትነው በሚገኙት እጅግ ጥቃቅን ደሴቶች ነው። እነዚህ ደሴቶች የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። ለመሆኑ ላንገርሃንስ ማን ነበር? በልጆች ላይ የሚወርደውን የስኳር በሽታ ለመረዳት የዚህን ሰው ታሪክ ከማወቅ የተሻለ መንገድ ስለማይታየኝ፣ ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህን ጽፌአለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልኝ።

ፓውል ላንገርሃንስ በ1847 ጁላይ 25 ቀን በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪምና በከተማዋ ፖለቲካ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ መጀመሪያ በየና ከተማ፣ ቀጥሎም በበርሊን ሕክምና አጠና። በበርሊን የነበሩት መምህር ሩዶልፍ ፊርሾ ነበሩ። እኒህ ሰው በሽታ የሚጀምረው ከሴል ነው ብለው ያስተማሩ፣ በዘመኑ ከእሳቸው የሚበልጥ ሐኪም አልነበረም የሚባልላቸው ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለ መምህር ያገኘ ተማሪ መታደሉ ነው።

በ1868 ላንገርሃንስ ገና ተማሪ ሳለ የሰው ቆዳ ስስ ቁራጭ ወስዶ በወርቅ ጨው ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ክንድ የዘረጉ ጥቁር ሴሎች አየ። ቅርጻቸው የነርቭ ሴል ስለመሰለው የነርቭ ናቸው ብሎ ጻፈ። አልነበሩም። ዛሬም የላንገርሃንስ ሴሎች ይባላሉ። የሰውነት መከላከያ ሠራዊት ወገን መሆናቸው የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ነገር አደራ፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በዓመቱ በ1869 የዶክተርነት መመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። የጽሑፉ ርዕስ ቆሽት ነበር፤ ምርመራውን ያካሄደውም በብዛት በጥንቸል ቆሽት ላይ ነው። ያን ጊዜ ቆሽት ምግብ የሚያፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ከማፍሰስ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር። ወጣቱ በቆሽት ውስጥ ዘጠኝ ዓይነት ሴሎች ለይቶ ጻፈ። ከነዚህ መካከል በየቦታው ተሰባስበው፣ ከአካባቢያቸው ተለይተው እንደ ጉብታ የቆሙ ትንንሽ ሴሎች ነበሩ። ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም፤ አለማወቁንም ሳይደብቅ ጻፈው። ይህ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ከትልልቅ ሊቃውንት ፊት ቀርቦ ያየሁት ይህ ነው፣ ትርጉሙን አላውቅም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ቢሆን አንዱን ነገር ፈጥሮ ይሞላው ነበር የሚያሰኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ሩጫ ነው። በ1870 ወደ ሶርያና ፍልስጥኤም ተጉዞ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን መረመረ። በዚያው ዓመት ጀርመንና ፈረንሳይ ሲዋጉ ተመልሶ በጦር ሜዳ ቁስለኛ አከመ። ሰላም ሲወርድ በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ያዘ። ፕሮፌሰርነት ባገኘበት በ1874 ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ያን ጊዜ ለነቀርሳ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሞች የሚያዙት የአየር ለውጥ ብቻ ነው። በኢጣልያ ዳርቻና በስዊስ ተራሮች ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ በ1875 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወዳለችው፣ ፖርቱጋል ወደምትገዛት ማዴይራ ደሴት ሄደ። በዚያ ትንሽ ተሻለው።

እንግዲህ የደሴቶቹ ባለቤት ራሱ ደሴተኛ ሆነ ማለት ነው። ፉንሻል በምትባለው ከተማ ሐኪም ሆኖ፣ እንደ እሱው ሳንባቸው የታመመ እንግዶችን እያከመ ኖረ። ማስተማሩ ቢቀርም ምርምሩን አልተወም፤ የባሕር ትሎችን እየሰበሰበ አጠና፣ አንዱንም የትል ወገን በመምህሩ በፊርሾ ስም ሰየመው። በ1885 የአንድ ሟች ታካሚውን ሚስት አገባ። ትዳሩ የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ኩላሊቱ ታሞ በ1888 ጁላይ 20 ቀን፣ 41 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው ሞተ። ከአገሩ ርቆ፣ በፉንሻል በሚገኘው የእንግሊዞች መካነ መቃብር ተቀበረ። ያገኛቸው ደሴቶች ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ነው የሞተው።

ምን ይደረግ፣ የሞተው አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። በ1889 በስትራስቡርግ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች የውሻ ቆሽት ቆርጠው ቢያወጡ ውሻው የስኳር በሽተኛ ሆነ። በ1893 ላጌስ የሚባል ፈረንሳዊ፣ ጉብታዎቹ ለደም የሚያስፈልግ ቅመም ሳያመነጩ አይቀሩም ብሎ የላንገርሃንስ ደሴቶች ሲል ሰየማቸው። ቅመሙም ከላቲኑ ደሴት ከሚለው ቃል ኢንሱሊን ተባለ። በ1922 ጃንዋሪ ወር በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው ልጅ ዕጣው ሞት ብቻ ነበር።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ። በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ደሴቶች አሉ። በጤነኛ ልጅ ሆድ ውስጥ እነዚህን ምን ያጠፋቸዋል? በ1965 በብራስልስ ዊሊ ጌፕትስ የተባለ ሐኪም፣ በሽታው ከጀመራቸው ብዙም ሳይቆዩ የሞቱ 22 ሰዎችን ቆሽት መረመረ። በ15ቱ ደሴቶች ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ወረው ተገኙ። ነጭ የደም ሴሎችን እንደ ድሮው ነጭ ለባሽ ቁጠሯቸው፤ ሥራቸው ወራሪ ተሕዋስያንን መደምሰስ ነው። እዚህ ግን የገዛ አገራቸውን ሲያጠፉ ተያዙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየአካሉ የተሰማሩ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ጠቋሚ ሴሎች አሉ። ያገኙትን ቁራጭ ይዘው ወደ ሊምፍ ዕጢ ይሄዳሉ፣ በዚያ ቲ ሴል ለሚባሉት ተዋጊዎች ያሳዩአቸዋል። ላንገርሃንስ ነርቭ ናቸው ያላቸው የቆዳ ሴሎች የዚህ ሥራ ተካፋይ ናቸው፤ በቆሽት አካባቢም ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ሴሎች አሉ። በዘር ለበሽታው በተጋለጠ ልጅ ሰውነት ውስጥ፣ ጠቋሚው የራሱን የደሴቱን ቁራጭ ይዞ ይቀርባል፤ ቲ ሴሉም ጠላት ነው ብሎ ይነሳል። ቲ ሴሎች በልጅነት ደረት ውስጥ ባለው ታይመስ በሚባል ዕጢ ሲሠለጥኑ፣ በገዛ አካላቸው ላይ የሚነሱት መወገድ ነበረባቸው። አንዳንዶቹ ግን ያመልጣሉ። ሌባ ሊይዝ የተቀጠረ ዘበኛ ባለቤቱን እንደ መደብደብ ነው። ውጊያው በድምፅ አልባነት ወራት፣ እንዲያውም ዓመታት ይፈጃል። ልጁ ውሃ ውሃ ሲል ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎች አብዛኞቹ አልቀዋል።

እዚህ ላይ በየሰፈሩ የሚባለውን ሳልናገር አላልፍም። ልጅ ስኳር ሲይዘው እናቲቱ ከረሜላ አብዝታለት ነው ይባላል። ኧረ በስመ አብ! ከላይ እንዳያችሁት ይህ በሽታ የከረሜላ ጉዳይ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ያዘነችውን እናት በሐሜት መጨመር ነውር ነው። ልጅ ያለልክ ሲጠማው፣ ሽንት ሲመላለስ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ሲጀምር፣ እየበላ ሲከሳ፣ ቡዳ ነው፣ ወስፋት ነው፣ ወባ ነው እየተባለ ቀን ማለፍ የለበትም። ማስመለስና ከባድ ትንፋሽ ከተጨመረበት የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። አንዲት ጠብታ ደም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነገሩን ትለያለች። ጠበል የሚወሰድም ልጅ ቢሆን ኢንሱሊኑ መቋረጥ የለበትም። አለበለዚያ ዕድራችን ለትንሽ ልጅ ድንኳን ይተክላል።

ወደ ነገራችን እንመለስና፣ የውጊያው ምሥጢር ከታወቀ ወዲህ ሐኪሞች ዘበኛውን ማብረድ ሞክረዋል። በ2022 በአሜሪካ ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ተፈቀደ። ይህ ቲ ሴሎችን የሚያለዝብ ሲሆን፣ ውጊያው በደም ምርመራ ተገኝቶባቸው ገና ኢንሱሊን ላላስፈለጋቸው፣ ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ተፈቅዶ ነበር። በተደረገው ጥናት በሽታውን በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል አዘግይቷል። ሁለት ዓመት ለትልቅ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፤ ለአንድ ሕፃን ግን በቀን ብዙ ጊዜ ከመወጋት የተረፈ ሁለት ዓመት ነው።

ሌላው መንገድ ደሴቶቹን ራሳቸውን ማዛወር ነው። በ2000 በካናዳ ኤድመንተን ከተማ የነበሩ ሐኪሞች ከሞቱ ሰዎች ቆሽት ደሴቶች ለቅመው በሰባት ሕመምተኞች ጉበት ውስጥ አፈሰሱ፤ ሰባቱም ከኢንሱሊን መርፌ ዐረፉ። ብዙዎቹ ግን ከዓመታት በኋላ ወደ መርፌው ተመለሱ፤ አዲሶቹንም ደሴቶች ነጭ የደም ሴሎች እንዳያጠፉባቸው መከላከያውን የሚያደክም መድኃኒት ዘወትር መዋጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ይህ መድኃኒት ሌላ በሽታ ስለሚጋብዝ፣ ሕክምናው ለልጆች በአብዛኛው አይደረግም።