ከበረዶው ሐይቅ እስከ ጎዴ፦ የካውንት ፎን ሮዘን ነገር

ከማዮ፣ ደቡብ ካርቱም

እኛ ማዮ ውስጥ በረዶ የምናውቀው በአህያ ጋሪ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ሲመጣ ነው። ተቆርጦ ይሸጥልናል፣ እቤት ሳይደርስ ግማሹ ውሃ ይሆናል። ዛሬ የምተርክላችሁ ሰው ባደገበት አገር ግን ብርዱ ሲገባ ሐይቁ በሙሉ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ይሆንና ሰው ይሄድበታል፣ መኪና ይነዳበታል፣ አውሮፕላንም ያርፍበታል። አገሩ ስዊድን ነው። ሰውየው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይባላል። ከአዛውንቶቻችን ውስጥ ደብረ ዘይት የኖሩት ስሙን ያስታውሱት ይሆናል። ወጣቶቹ ግን ብዙም አትሰሙትም። የሞተው እኛው አገር ውስጥ ነው፤ ጎዴ ላይ፣ ለተቸገረ ሰው እርዳታ ሲያመላልስ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር፦ የውጭ አገሩን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ። ክረምት ስልም የእኛን የዝናብ ወቅት አይደለም፤ የእነሱን፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን ብርድ ነው።

ፎን ሮዘን የተወለደው በ1909 ከመኳንንት ቤት ነው። አባቱ ኤሪክ ሀብታም አገር አሳሽ ነበር፤ አፍሪካን ከደቡብ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሰሜን ያቋረጠ ሰው። መኖሪያቸው ሮከልስታድ የሚባል፣ ቦቨን ከተባለ ሐይቅ ዳር የቆመ ግንብ ነው። በየካቲት 1920 አባትየው ስቶክሆልም ከተማ ሳለ ቶሎ ቤቱ መድረስ ፈለገ። ቀኑ ክፉ ነበር፣ በረዶ ያወርዳል። አንድ አብራሪ በትንሽ አውሮፕላን ሊወስደው ተስማማ። በውሽንፍሩ ውስጥ መንገዱን እየፈለገ ሄዶ ሄዶ፣ በመጨረሻ ካውንቱን እደጃፉ፣ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ አሳረፈው። ያ አብራሪ ማን መሰላችሁ? ሄርማን ጎሪንግ ነው፤ ኋላ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ የሆነው። የዚያን ዕለት እዚያው ግንብ ውስጥ ካሪን የምትባል ሴት ተዋወቀ፣ በኋላም አገባት። ካሪን የካውንቱ ሚስት እህት ናት። ስለዚህ ጎሪንግ ለትንሹ ካርል ጉስታፍ የአክስት ባል ሆነ ማለት ነው። ልጁ ያኔ 10 ዓመቱ ነበር።

በበረዶ ሐይቅ ላይ መብረር እስከ ዛሬ ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ የሰንበት መዝናኛ ነው። ከጎማው ቦታ ስኪ፣ ማለትም ረዣዥም መንሸራተቻ ይገጠማል። ሰዎቹ ሁለት ሰው በምትይዝ አውሮፕላን ተነስተው ጫካውን ያቋርጡና አንድ ሐይቅ መሀል ያርፋሉ። በረዶውን በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ። ለነገሩ ደስ የሚል ነው፤ ግን ጥበብ ይጠይቃል። ጥርት ያለ በረዶ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ መኪና ይሸከማል፤ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ ግን ከሌላው ይሳሳል፣ እዚያ የሚያርፍ ሞኝ ነው። አውሮፕላኑ ብዙ ከቆመ መንሸራተቻው ከበረዶው ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከሥሩ እንጨት ይነጠፍለታል። በድሮ ጊዜ የሞተሩ ዘይት ማታ ተቀድቶ ይቀመጥና ጠዋት በእሳት ሞቆ ይመለስ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ሰማዩም መሬቱም ነጭ ሲሆን ነው። አብራሪው መሬት ላይ ሊደርስ አንድ ሜትር ይቅረው አሥር ሜትር ይቅረው ዓይኑ አይነግረውም። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ የጥድ ቅርንጫፍ በረዶው ላይ በመስመር ይተከላል፣ ዓይን የሚይዘው ነገር እንዲያገኝ።

ብርዱ አንድ ጥቅም አለው። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ስለሆነ ክንፉን ጥሩ አድርጎ ያነሳዋል። ሞቃት አየርና ከፍ ያለ ደጋ ግን ስስ ነው፤ ያው አውሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ይህንን ያዙልኝ፤ ሰውየው ወደ እኛ ሲመጣ ያገኘው ይኸንኑ ነው።

ካርል ጉስታፍ ሲያድግ ከትምህርት ይልቅ ሞተር ነበር የሚወደው። አብራሪ ሆነና ሕዝብ ፊት በአየር ላይ እየተገለባበጠ ትርኢት በማሳየት ጀመረ። ከዚያ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሲልክ እሱም የአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ መጣ። 26 ዓመቱ ነበር። ቁስለኛ ያመላልሳል፣ መድኃኒት ያደርሳል፤ ሜዳው ድንጋይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ በላዩ ላይ የጣሊያን አውሮፕላን አለ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል መልእክተኛ፣ የስዊሱን ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዞ ኮረም ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ እዚያው አካባቢ ዋሻ ውስጥ ነበሩ። ፎከር የሚባለው አውሮፕላናቸው የቀይ መስቀል ምልክት ነበረው፤ ቢሆንም የጣሊያን አውሮፕላኖች ሜዳው ላይ እንደቆመ ደብድበው አቃጠሉት። ሁለቱ ሰዎች የመርዝ ጋዝ የላጣቸውን ገበሬዎች እዚያ አዩ።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሰው ሕይወት ሁለት የተከፈለው ኮረም ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ስትመለከቱ፣ አንድ እጁ እህል ይዟል፣ ሌላው እጁ ቦምብ ይፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ተመልሶ ለሆላንድ አየር መንገድ መንገደኛ ማጓጓዝ ያዘ። በኅዳር 1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር ያንን ሥራ ትቶ ሄደ። መንገደኛ ማጓጓዣ የነበረ ዲሲ-2 አውሮፕላን ተገዝቶ ወደ ቦምብ ጣይ ተለወጠና እሱ አበረረው፤ ለቦምብ የተሰማራው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፊንላንዶች በዚያ ክረምት ብዙ አውሮፕላኖቻቸውን የሚያስነሱት ከበረዶ ሐይቅ ላይ ነበር። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ጥድ ይሸፍናቸዋል፣ ሜዳ መሥራት አያስፈልግም፣ አንዱ ሐይቅ ቢደበደብ ሌላ ሐይቅ ሞልቷል። የሰንበት መዝናኛው የጦር ሜዳ ሆነ። ቆየት ብሎ እንግሊዝ አገር ሄዶ ከጀርመን ጋር ልዋጋ ቢል አልተቀበሉትም፤ ምክንያቱ ያ ሐይቅ ላይ ያረፈው የአክስቱ ባል ነው። አባቱም ለናዚዎች ያደላ ነበር። ልጁ ግን በዚያ በኩል አልሄደም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከ1946 እስከ 1956 የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ያደራጀውና ያዘዘው እሱ ነው። ደብረ ዘይት፣ ያሁኑ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ በሐይቅ ናት፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ። አንዱም በረዶ ሆኖ አያውቅም እንጂ ለሱ ሐይቅ ዳር መኖር እንግዳ ነገር አልነበረም። የስዊድን መምህራንና ሳብ አውሮፕላኖች መጡ፣ የእኛ ልጆች አብራሪና መካኒክ ሆነው ሠለጠኑ። በግንቦት 1947 ሳፊር የምትባለውን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነዳጅ ሞልቶ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የትም ሳያርፍ በረረ። 31 ሰዓት ገደማ ፈጀበት። እስቲ አስቡት፣ ከመተማ ገላባት በእግር ስንሻገር ስንት ቀን ፈጀብን?

አሁን ወደ ማዮ ልመልሳችሁ። ሰፈራችንን የሞላው ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው፤ እኛ ሐበሾቹ በመሀል ነን። ሐቡባ እያልን የምንጠራት ጎረቤቴ ከባህር ኤል ጋዛል ናት። ይህ ጦርነት በሚያዝያ 2023 ከጀመረ ወዲህ፣ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር ልጆቹን ታስገባና ራሷ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። እኔ ልዩነቱ አይገባኝም። እሷ ግን በአገሯ ሁለቱንም አይታለች፦ አንቶኖቭ ከኋላ በሩ በርሜል ቦምብ ሲያንከባልል፣ በረሃቡ ዘመን ደግሞ ነጭ የእርዳታ አውሮፕላን ከኋላ በሩ የማሽላ ጆንያ ሲያንከባልል። ያው ዓይነት በር ነው። መሬት ላይ ያለ ሰው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የወረደውን ሲያይ ነው። የፎን ሮዘንን ታሪክ ለእሷ ስነግራት ስለ በረዶው ሐይቅ ምንም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ሰውየው ጆንያ ይጥል ነበር ወይስ ቦምብ ብላ ነው።

መልሱ ሁለቱንም ነው። በ1968 ከናይጄሪያ ልገንጠል ያለችው ቢያፍራ ተከብባ ሕፃናት በረሃብ እያለቁ ነበር። ፎን ሮዘን ያኔ ትራንስኤር ለሚባል የስዊድን ድርጅት ያበር ነበር። በነሐሴ ከሳን ቶሜ ደሴት ተነስቶ፣ ራዳርና መድፍ እንዳያገኘው ዛፍ ለዛፍ ዝቅ ብሎ በመብረር፣ እርዳታ ይዞ ኡሊ ገባ። ኡሊ የአውሮፕላን ማረፊያ የሆነ አውራ ጎዳና ነው። ሌሎችም ተከተሉት። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ታሪኩ ለመተረክ በቀለለኝ።

አላቆመም። የናይጄሪያ ተዋጊ አውሮፕላኖች የእርዳታውን መንገድ ሲመቱ ኮረም ትዝ ያለው ይመስለኛል። ኤምኤፍአይ-9 የሚባሉ አምስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ተገዙ። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ሞተራቸው 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ የሆነ፣ ስዊድን ውስጥ ለልምምድና ለመዝናኛ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ሰው ለሽርሽር የሚነሳባቸው ዓይነት። ክንፋቸው ሥር ሮኬት ተገጠመ። በግንቦት 22 ቀን 1969 ፖርት ሃርኮርት አውሮፕላን ማረፊያን መቱ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ሌሎች ማረፊያዎችንና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም መቱ። ዓለም ጉድ አለ። ግማሹ ጀግና አለው፣ ግማሹ ቅጥረኛ። እኔ ቅጥረኛ አልለውም፤ ነገር ግን ኃይል ማመንጫው አጠገብ የሚኖር ሰው ምን ይለዋል የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም። ጦርነቱም በእነዚያ ትንንሽ አውሮፕላኖች አልተለወጠም፤ በጥር 1970 ቢያፍራ እጅ ሰጠች።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ፣ ዕድሜው ከስልሳ አልፎ፣ እንደገና ኢትዮጵያ መጣ። የያዛቸው አውሮፕላኖች የእነዚያው የቢያፍራዎቹ ታናሾች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ክንፋቸው ሥር የተንጠለጠለው እህል ነው። መኪና የማይደርስበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው፣ ዝግ ብለው እያለፉ ይጥሉት ነበር። ትልቅ አውሮፕላን ሸለቆ ውስጥ መዞር አይችልም፣ ትንሹ ይችላል። በበረዶ ሐይቅ አገር የተለመደው አበራረር፣ ማለትም ያልተሠራ ሜዳን በዓይን ለክቶ ዝቅ ብሎ መጠጋት፣ ለወሎ ተራራም ሠራ።

እህል ከሰማይ አወራወሩ ዛሬም ያው ነው። ጆንያው ጢም ብሎ አይሞላም፤ ከሞላ ይፈነዳል። ላላ ብሎ ይሞላና በሌላ ሰፊ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ያም በሌላ። ውስጠኛው ሲቀደድ የውጭኛው እህሉን ይይዘዋል። ዘይት ግን እንዲህ አይወረወርም፣ ፓራሹት ይፈልጋል። መሬት ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ሰውም ከዚያ ርቆ ይጠብቃል፤ ከሰማይ የሚወርድ 50 ኪሎ ጆንያ ሰው ይገድላልና። ኡም ራኩባና ጡነይድባ ያላችሁ፣ ዝናብ መጥቶ ጭቃው መንገዱን ሲዘጋውና የእህል መኪናው ሲቀር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሰውየው ሲያስብበት የኖረው ይህንኑ ችግር ነው።

በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ጦርነት እየተፋፋመ፣ ሰው ከቀዬው እየተፈናቀለ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወርደዋል፣ ደርግ ገብቷል፤ ፎን ሮዘን ግን እርዳታ ማመላለሱን አልተወም። ሐምሌ 6 ቀን ጎዴ ነበር። በዚያች ዕለት ከሶማሊያ ወገን የተሰለፉ ታጣቂዎች ድንገት ጥቃት ሲከፍቱ ተገደለ። ስንት ጦርነት በአየር አልፎ፣ የሞተው መሬት ላይ ቆሞ ነው። 67 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው አዲስ አበባ ነው።