ፍሪዳ ፍሮም-ራይሽማን እና አስተኝቶ የማከም ውጤታማነት ጥያቄ

ድባቴ የጸናበትን ሰው ሆስፒታል አስተኝቶ በሳይኮዳይናሚክ የንግግር ሕክምና ብቻ መርዳት ምን ያህል ይቻላል? የጀርመናዊቷ ሐኪም የዶክተር ፍሪዳ ፍሮም-ራይሽማን ሕይወት፣ ከሞታቸው በኋላ ከተከሰተው ጋር ተያይዞ ሲታይ፣ የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳያል።

ፍሪዳ እ.ኤ.አ. በ1889 ካርልስሩኸ በተባለች ከተማ፣ ሃይማኖቱን ከሚያጠብቅ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ሕክምናን የተማሩት ባደጉባት በኮኒግስበርግ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጎላቸው የተጎዳ ወታደሮችን አክመዋል። በ1924 በሃይደልበርግ የራሳቸውን የሕክምና ቤት ከፈቱ። ሕሙማኑ እዚያው እያደሩ፣ በአይሁድ ሥርዓት በተሰናዳ ማዕድ አብረው እየተመገቡ ይታከሙ ነበር። ቤቱ በ1928 ቢዘጋም፣ የሕሙማን የዕለት ኑሮ ራሱ የሕክምናው አካል ነው የሚለው እምነታቸው አልተለወጠም። በ1926 ያገቡት በኋላ ስመ ጥር የሆነውን ኤሪክ ፍሮምን ነበር፤ ጋብቻው ግን አልዘለቀም።

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ፍሪዳ ጀርመንን ለቀው ወጡ። በስትራስቡርግና በፍልስጥኤም በኩል አልፈው በ1935 አሜሪካ ደረሱ፤ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሮክቪል ከተማ ይገኝ በነበረው ቼስትነት ሎጅ የግል ሆስፒታል ተቀጠሩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው የሠሩት በዚሁ ነው። ሌሎች በንግግር ሊረዱ አይችሉም ያሏቸውን ጽኑ ሕሙማን ሶፋ ላይ ሳያስተኙ ፊት ለፊት ተቀምጠው በትዕግሥት ያዳምጡ ነበር። የአሠራራቸውን መርሆች በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍ አብራርተዋል።

ለርእሳችን ቅርብ የሆነው ሥራቸው በ1954 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ነው። ድባቴና ከልክ ያለፈ ፍንደቃ የሚፈራረቁባቸውን 12 ሕሙማን የቤተሰብ ታሪክና ከሐኪም ጋር ያላቸውን ግንኙነት በጥልቀት መርምሯል። ጥናቱ ሕመሙን ለመረዳት ጠቅሟል፤ የሕክምናውን ውጤት ግን ከሌላ ሕክምና ጋር አላነጻጸረም።

ፍሪዳ በ1957 አረፉ። በዚያው ዓመት ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድባቴን እንደሚያስታግስ ተዘገበ። ስለዚህ የእርሳቸው ዘዴ ከመድኃኒት ጋር የተመዘነው እርሳቸው በሌሉበት ነው። በ1979 በድባቴ የታመመ አንድ ሐኪም ቼስትነት ሎጅ ገብቶ ለሰባት ወራት ያህል ያለ ፀረ ድባቴ መድኃኒት በንግግር ሕክምና ቢረዳም ሕመሙ ባሰበት። ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውሮ መድኃኒት ሲጀምር ግን በሳምንታት ውስጥ ይሻለው ጀመር። በሆስፒታሉ ላይ የመሠረተው ክስ በመጨረሻ በስምምነት ቢቋጭም፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ውስጥ ብርቱ ክርክር አስነሣ።

በ1984 ይፋ የሆነው የሆስፒታሉ የቀድሞ ሕሙማን ክትትል ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። ስኪዞፍሬኒያ ከነበረባቸው መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በደካማ ሁኔታ ላይ ሲገኙ፣ ድባቴ ብቻ ከነበረባቸው መካከል እንዲህ የሆኑት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት የሕክምናውን ፍሬ አያረጋግጥም፤ ድባቴ በባሕርዩ ከጊዜ ጋር ሊያገግም የሚችል ሕመም ነውና፣ ያለዚህ ሕክምና የቆየ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም።

እንግዲህ ከአንድ ክስ ተነሥቶ ዘዴውን ከንቱ ማለትም ሆነ ከሐኪሟ ትጋት ተነሥቶ ፍቱን ማለት ተገቢ አይደለም። በሆስፒታል የተኛ ሰው ሲሻለው ያሻለው ንግግሩ፣ የመኝታ ክፍሉ እንክብካቤ፣ መድኃኒቱ ወይስ ጊዜው እንደሆነ መለየት የተመራማሪ ድርሻ ነው። ምዘናው ሲካሄድም ሕመምተኛው ሊሠራ የሚችል መድኃኒት መነፈግ የለበትም። ፍሪዳ የተዉልን ቅርስ የታማሚን ቃል በቁም ነገር ማዳመጥ ነው፤ የማዳመጡን ፍሬ መለካት ግን ለተከታዮቻቸው የተተወ ሥራ ሆኗል።